የሐዲድ ልጅ፦ ቅዳሜና እሑድ በድሬዳዋ

ድሬዳዋን ንጉሥ አልቆረቆራትም፤ ሐዲድ ወለዳት እንጂ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ውል ሲሰጡ፣ መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ዳሩ ግን ተራራው ከበደ፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ። አዲሲቱን ከተማ «አዲስ ሐረር» አሏት፤ ስሙ ግን አልበረከተም።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ዩኒቨርሲቲ ለመጣ ተማሪም ሆነ ለሌላ እንግዳ የምመክረው፣ ከተማዋን እንደ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እንዲያነባት ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ይነሣ፤ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር፣ የባቡር ኩባንያው ባስቀየሳቸው ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ይዝለቅ። እሑድ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ይግባ። በቀፊራ ገበያ ቅስት በሮች ሥር አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና ሐረሪኛው በአንድ ሚዛን ሲገበያዩ ይሰማል።

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ግን ጥቂት ይቁም። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ደረቅ ወንዝ የሚናቅ አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከመሐል ከተማው ርቆ ያልፋል። ወላጇ የራቃትን ከተማ ታሪክ ማን ይንገርላት? እኔ ተስፋዬን በተማሪዎቹ ላይ ጥያለሁ፤ ደቻቱን ሳይሻገሩ እንዳይመረቁ ብቻ።