ከርቤ ከማጨሻው ወዲያ

በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ከርቤ የሚታወቀው በጭሱ ነው። አራስ ባለችበት ቤት፣ እባብ ታየ በተባለበት ጓሮ፣ ክፉ መንፈስ ገባ ተብሎ በተጠረጠረበት ክፍል ከፍሙ ላይ ጣል ይደረጋል። ሽታው ከዕጣን ይከብዳል፤ ልብስ ላይ ካረፈም ቶሎ አይለቅም። ስሙ ደግሞ በገና ከሰብአ ሰገል እጅ መንሻ ጋር፣ በስቅለት ከጎልጎታ ታሪክ ጋር ይነሳል። በጥንቱ ዓለም ግን ሐኪሞች ይህን ሙጫ አጥብቀው የሚፈልጉበት ሌላ ጉዳይ ነበራቸው፤ ቁስል።

ዛፉ ዓይን የሚሞላ አይደለም። በኦጋዴን፣ በሊበንና በቦረና ቆላዎች፣ ከዚያም ወዲያ በሶማሊያ፣ በሰሜን ኬንያና በየመን ደረቅ ምድር የሚበቅል አጭር እሾሃም ዛፍ ነው። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠል አልባ ሆኖ ስለሚቆም፣ ለማያውቀው መንገደኛ የደረቀ ጭራሮ ይመስለዋል። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ወይም በስለት ሲነካ ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ ፈሳሹም ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ጠጥሮ ወደ ቀይ ቡናማ እንክብል ይለወጣል። ዛፉ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለራሱ ነው። ሙጫው የተላጠውን ገላ ይደፍናል፤ ተባይና ሻጋታ እንዳይገባም ይከለክላል።

ከብትና ግመል የሚጠብቁ ሰዎች እንክብሉን ከግንዱ እየለቀሙ ያጠራቅሙታል። ሶማሌዎች መልመል ይሉታል፤ ቦረናዎች ቁምቢ። አረቦች ሙር፣ ዕብራውያን ሞር ብለውታል፤ ግሪኮችም ቃሉን ከሴማውያን ወስደው ሚራ አሉት። የእነዚህ ስሞች ሥር አማርኛ «መራራ» ከሚለው ቃል ሥር ጋር አንድ ነው። አንዲት ፍንካች ምላሱ ላይ ያሳረፈ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

የዚህ ሙጫ የጽሑፍ ታሪክ የሚጀምረው ከሚለቀምበት አገር ርቆ፣ በግብፅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሠችው ሀትሼፕሱት ወደ ጶንጥ ምድር መርከቦች ላከች። በደይር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ሥዕል፣ ሥራቸው በቅርጫት የታቀፈ ሕያዋን ዛፎች በሰው ትከሻ ወደ መርከብ ሲጫኑ ያሳያል። ጽሑፉ ሙጫውን «አንትዩ» ይለዋል። ቃሉ ከርቤን ነው ወይስ ዕጣንን የሚለው ክርክር በምሁራን ዘንድ እስካሁን አልተዘጋም። ጶንጥም የት እንደነበረች ብዙ ተብሏል፤ አብዛኞቹ ግን ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻና ከአፍሪካ ቀንድ አያርቋትም። ያው «አንትዩ» ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ የመድኃኒት ቅመማዎች ውስጥም ይገኛል።

የዚያ ዘመን ሐኪም ስለ ጀርም የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ መግልና የሚሸት ሥጋ ግን በየቀኑ ያያል። ከጦርነት የተረፈ ሰው በስለቱ ሳይሞት ከሳምንት በኋላ በመመርቀዙ ይሞታል። ስለዚህ ሳይበሰብስ የሚቆይ፣ ሌላውንም ከመበስበስ የሚያቆይ ነገር ሁሉ ይሞከር ነበር። ማር፣ ወይን ጠጅና ከርቤ የተመረጡት በዚህ መንገድ ነው። ለሬሳ የሚሆነውም ለቁስል የሚሆነውም አንድ ዕቃ መሆኑ ማንንም አላስገረመም። ኒቆዲሞስ ለጌታ መቃብር ያመጣው መቶ ንጥር ያህል ቅልቅል ከርቤና እሬት እንደነበር በዮሐንስ ወንጌል ተጽፏል፤ እሬት በኢትዮጵያ ገጠር እስከ ዛሬ ለተቃጠለና ለተላጠ ገላ የሚቀባ ተክል ነው።

ሮማውያን ልማዱን በዝርዝር ጻፉት። በአንደኛው መቶ ዘመን ስለ ሕክምና የጻፈው ኬልሱስ ቁስልን ገጥመው የሚያጣብቁ ነገሮችን ሲቆጥር በግንባር ቀደምነት የጠራው ከርቤን ነው፤ ዕጣንና ሌሎች ሙጫዎች ተከተሉት። በዚያው ዘመን የኖረው ሐኪሙ ዲዮስቆሪዴስ ለራስ ቁስል አዘዘው። ምርጡ ከርቤ የሚመጣው ከየት እንደሆነም ያውቁ ነበር። ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪካዊ የመርከብ ነጋዴ የኤርትራ ባሕር ጉዞ በተባለው መመሪያው ላይ፣ በአፍሪካ ቀንድ ጠረፍ ያሉትን ወደቦች አንድ በአንድ እየጠራ ከየትኛው ምን እንደሚጫን አስፍሯል። ከባብ ኤል ማንደብ አጠገብ ካለችው አቫሊቴስ የሚወጣው ከርቤ ጥቂት ቢሆንም ከሌላው ይበልጣል ይላል።

የዛፉ ባለቤቶች እውቀት ግን በብራና አልሰፈረም። በአፍ ነው የተላለፈው፤ በእጅም። የከርቤ ዱቄት በቁስል ላይ ይነሰነሳል፤ በውኃ ተበጥብጦ የቆሰለ ድድና ጉሮሮ ይጉመጠመጡበታል፤ በሶማሌና በአረብ ቤቶች የአራስ ልጅ እትብት የተቆረጠበትን ቦታ ለማድረቅ ይጠቀሙበታል።

በ19ኛው መቶ ዘመን የዚህ ሙጫ ትልቁ ገበያ በርበራ ነበረች። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከኦጋዴንና ከሐረር የሚወርዱ ቅፍለቶች ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫና ከርቤ ጭነው ይደርሱባታል። ሙቀቱ ሲበረታ ከተማዋ ሰው አልባ ትሆናለች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረርን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በሚያዝያ 1855 እ.ኤ.አ. ሌሊት ሰፈሩ የተወረረው እዚችው በርበራ ነው። አንድ ጓደኛው ሞተ፤ ሌላው ክፉኛ ቆሰለ፤ እሱም አንዱን ጉንጩን በስቶ በሌላው በወጣ ጦር ተወግቶ ወደ መርከብ ሸሸ። የቁስል መድኃኒት በግመል እየተጫነ የሚመጣባት ወደብ የበርተንን ጠባሳ ዕድሜ ልኩን በፊቱ ላይ ጻፈችበት።

ከርቤውን በበርበራ የሚገዙት ባንያን የሚባሉት የሕንድ ነጋዴዎች ነበሩ። በኤደን በኩል ቦምቤይ ይደርሳል፤ እዚያ ይለያል፣ ይመረጣል፣ ከዚያም ወደ ለንደን ይላካል። በለንደን ገበያ ምርጡ የሚጠራው «የቱርክ ከርቤ» ተብሎ ነበር። ኦጋዴን በስያሜው ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

ለአውሮፓ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም ዛፉ ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ኖሯል፤ ሙጫውን በየመድኃኒት ቤታቸው ደርድረው ዛፉን አላዩትም። ለመፍቻው ትልቅ እርምጃ የወሰዱት በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. በቀይ ባሕር ዳርቻ የተጓዙት ጀርመናውያን ኤረንበርግና ሄምፕሪች ናቸው፤ በጊዛን አካባቢ ከራሱ ከዛፉ ላይ ሰበሰቡት። ሄምፕሪች በ1825 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ።

ከርቤ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ፒየሮ ዶላራና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ከከርቤ የለዩዋቸው ሁለት ንጥረ ነገሮች በአይጦች ላይ ሕመም ቀንሰው ነበር፤ የሚሠሩትም ሞርፊን በሚሠራበት በር በኩል ነው። የሞርፊንን ኃይል የሚያከሽፈው መድኃኒት ሲሰጥ የእነሱም ኃይል ከሸፈ። በማርቆስ ወንጌል ለሚሰቀለው ጌታ የቀረበለትና ያልተቀበለው የወይን ጠጅ ከርቤ ተቀላቅሎበት ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ታሪክ ያውቁታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቡድን ከከርቤ የተወሰዱ ንጥረ ነገሮች ቁስል የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን እንደሚያዳክሙ፣ በነኩት ቦታም የማደንዘዝ ኃይል እንዳላቸው አሳየ። የኬልሱስ «ያጣብቃል» ደግሞ ሙጫ የነካ ሁሉ በጣቱ የሚያውቀው ነገር ነው።

በቤተ ሙከራ ባክቴሪያ ማዳከምና በታማሚ ገላ ላይ ጥልቅ ቁስል መፈወስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከርቤ በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል፤ ነፍሰ ጡሮችም እንዳይወስዱት ይመከራል። የዛገ ብረት የወጋው ሰው የሚያስፈልገው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነው፤ ያንን የሚተካ ሙጫ የለም።

ለጥቃቅን ቁስል ግን አሮጌው መድኃኒት ይፋዊ ማህተም አግኝቷል። የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ሰነድ፣ የከርቤ ብጥብጥ ለአፍ ቁስለት፣ ለቀላል የቆዳ መቆጣትና ለትናንሽ ቁስሎች ማገገሚያ እንዲውል ተቀብሏል። የተቀበለው በልማዳዊ መድኃኒቶች ደንብ መሠረት ነው። በዚህ ደንብ አንድ ዕፅ ለመመዝገብ ቢያንስ 30 ዓመት በጥቅም ላይ መዋሉን ማሳየት አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 15ቱ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ መሆን ይኖርባቸዋል። የኦጋዴን እረኛ የለቀመው እንክብል ይህን መስፈርት ለማሟላት ብዙ አልተቸገረም።