ስድስቱ ድምፆች የማይጠይቁት ጥያቄ፦ በምዕራብ ሐረርጌ ክፍሎች የኮክሌር ኢምፕላንት የጠዋት ፍተሻ

የንግግር ትምህርት ተመራማሪው የዳንኤል ሊንግ ስድስት ድምፆች ኮክሌር ኢምፕላንት ወይም የመስሚያ መሣሪያ የሚያደርግ ተማሪ ባለበት ክፍል የጠዋት ጸሎት ያህል ሆነዋል። መምህሯ ከልጁ ጎን ትቆማለች፤ ከንፈሯን እንዳያነብ አፏን ትሸፍናለች፤ «ኣ»፣ «ኡ»፣ «ኢ»፣ «ሽ»፣ «ስ»፣ «ም» ትላለች። ልጁ የሰማውን ይደግማል፤ መድገም ካልቻለ እጁን ያነሣል። ስድስቱን ካለፈ መሣሪያው ደኅና ነው ተብሎ ትምህርት ይጀመራል።

ይህ መጣጥፍ ከዚያ «ደኅና ነው» ጋር ይጣላል። ጠቡ ብዙዎች እንደሚያነሡት «ድምፆቹ የፈረንጅ ናቸው» የሚል አይደለም፤ ስድስቱም በአማርኛም በኦሮምኛም አሉ። እኔ የምለው ፍተሻው ጊዜን ዘንግቷል ነው። ድምፁ ቀጭን ይሁን ወፍራም ይጠይቃል፤ ምን ያህል ቆየ ብሎ አይጠይቅም። በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ የሚማር ልጅ ደግሞ ቃልን ከቃል ከሚለይባቸው ቁልፎች አንዱ ይኸው ቆይታ ነው።

አስቀድሜ ወሰኑን ላስምር። በአገራችን ኮክሌር ኢምፕላንት ያላቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ከዋና ከተማው 300 ኪሎ ሜትር አልፎ በሚገኝ ዞን ደግሞ ይበልጥ ያንሳሉ። እዚህ የሚባለው አብዛኛው ከጆሮ ጀርባ ለሚውለው ተራ የመስሚያ መሣሪያም ይሠራል። ኢምፕላንቱን የመረጥኩት ችግሩ እሱ ላይ ስለሚብስ ነው። ተራውን መሣሪያ መምህር በማዳመጫ ቱቦ ሰክቶ በራሱ ጆሮ ሊያዳምጠው ይችላል። ኢምፕላንቱ ግን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምት ቀይሮ በቀጥታ ለመስማት ነርቭ ያቀብላል። በአንዳንዶቹ ዓይነቶች ማይክሮፎኑን ብቻ በማዳመጫ መፈተሽ ቢቻልም፣ ልጁ የሚሰማውን ከልጁ በቀር የሚሰማ የለም። የምልክት ቋንቋን የሚተካ ነገር እያቀረብኩ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ።

የመሣሪያው ታሪክ ለክርክሬ ብዙ አይጨምርም። ግሬም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ሜልበርን ላይ ባለ ብዙ ኤሌክትሮዱን ተከሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1985 ለአዋቂዎች፣ በ1990 ለልጆች ፈቀደ። መሣሪያው በትምህርት ቤት መፈተሽ አለበት የሚለውም የተዘጋ ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎቹ ጌትና ላውንስበሪ በ1966 የተማሪዎችን የመስሚያ መሣሪያዎች ፈትሸው ግማሽ ያህሉ እንደሚገባ እንደማይሠሩ ካሳዩ ወዲህ ማንም በቁም ነገር አልተከራከረበትም። የአሜሪካ ደንብ በ2006 ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል፦ የኢምፕላንቱን ውጫዊ ክፍሎች ደኅንነት ማየት የትምህርት ቤቱ ነው፣ በቀዶ ሕክምና የተተከለውን ማስተካከልና መተካት ግን አይደለም። እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት አጽድቋል። የአሜሪካው ክፍፍል ጥሩ ነው፤ እቀበለዋለሁ።

ወደ ሊንግ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ዋና ሥራቸው መስማት የተሳነው ልጅ ንግግርን የሚማርበትን መሰላል አቁመዋል። ከመሰላሉ የመጀመሪያ እርከኖች አንዱ አናባቢም ተነባቢም አይደለም፤ ድምፅን ማስረዘምና ማሳጠር፣ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ማጉላትና ማለዘብ ነው። ልጁ «ባ» እና «ማ»ን ከመለየቱ በፊት ረጅሙን ከአጭሩ እንዲለይ ይጠይቃሉ። ዕለታዊው ፍተሻ በመጀመሪያ አምስት ድምፆች ነበሩት፤ «ም» ዝቅተኛውን የድምፅ ክልል ለመሸፈን በኋላ ተጨመረ። እንግዲህ ሊንግ ፍተሻውን ሲያሰፉ ያሰፉት በወርድ ብቻ ነው። ማስተማሪያው ላይ ከታች ያኖሩትን ቆይታ መፈተሻው ላይ ጨርሶ ተዉት። ተከታዮቻቸው ደግሞ መሰላሉን ረስተው ስድስቱን ድምፆች ብቻ ይዘው ቀሩ፤ ሥልጠና በተሰጠበት ቦታ ሁሉ የሚታደለው አንዷ ገጽ የስድስቱ ድምፆች ገጽ ናት።

ስድስቱ የሚሠሩትን መካድ አልፈልግም። «ም» ከታች፣ 250 ኸርዝ አካባቢ ጉልበቱ ያለ ድምፅ ነው፤ «ኣ» መካከሉን ይይዛል፤ «ሽ» ከ2000 ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ «ስ» ከ4000 በላይ ይፏጫል። «ኢ»ን «ኡ» ብሎ የደገመ ልጅ ከ2000 በላይ ያለው እየጠፋበት ነው ማለት ይቻላል፤ የሁለቱ የታችኛው ክፍል ይመሳሰላልና። ይህ ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ድምፅ የሚነገረው ለአንድ አፍታ ነው። ፕሮሰሰሩን (የድምፅ ማቀናበሪያውን) ጭንቅላት ላይ ከሚያርፈው ማግኔት ጋር የሚያገናኘው ኬብል ሲላላ ደግሞ ሁልጊዜ አይቋረጥም፤ ልጁ አንገቱን ሲያዞር ይቋረጣል፣ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ይሠራል። ስድስት አጫጭር ድምፆች በደኅናው አፍታ ላይ ከወደቁ ልጁ ስድስት ከስድስት ያገኛል፤ ከዚያ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ የተቆራረጠ ትምህርት ይሰማል።

ቋንቋው ሲገባበት ነገሩ ይከብዳል። በኦሮምኛ «ደጋ» እና «ክፉ» የሚለያዩት አንዲት ተነባቢ በመጥበቋ ብቻ ነው፤ በፊደላችን ሁለቱም «በዳ» ተብለው ይጻፋሉ። «አማች» እና «ፍርሃት»ም እንዲሁ «ሶዳ» ናቸው፤ ዝምድናው ለቀልድ ይመቻል፣ ለመሣሪያ ፍተሻ ግን ከቀልድ በላይ ይጠቅማል። የአናባቢ እርዝመትም አለ፦ «ለፈ» መሬት፣ «ላፋ» ለስላሳ። በአማርኛ «ገና» ላልቶ ጊዜን፣ ጠብቆ በዓልን ይሰይማል፤ «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ አለቃ ነው። አንባቢ እንደሚያየው ይህ መጣጥፍ የተጻፈበት ፊደል ራሱ ልዩነቱን ደብቆታል። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የሚያስተምር መምህር ጥብቀቱን በዓይኑ ያየዋል፤ በአማርኛ የሚያስተምረው ግን በጆሮው ብቻ ይዞታል፣ ስለዚህም እንዳለው አያስተውልም። የፍተሻ ወረቀቱን በፊደል ያዘጋጀ ሰው ጥብቀትን የረሳው በስንፍና ላይሆን ይችላል፤ ወረቀቱ አላስታወሰውም።

ሐረርጌ ግን ስለዚህ ጉዳይ ያሰበ ሰው ነበራት። ሼኽ በክሪ ሳጳሎ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል የቀረጹት ነባሮቹ ጽሕፈቶች የቋንቋውን ድምፆች እንደሚገባ አይዙም ብለው ነው። ተመራማሪዎቹ ሄይዋርድና ሞሐመድ ሐሰን በ1981 አንድ ጥናት ጽፈውላቸዋል፤ በመስማት ትምህርት ላይ በተጻፈ ነገር ግን ስማቸውን አላገኘሁም። ከሳቸው ቀደም ያሉ ምንጮችም ከበራችን ደጃፍ አሉ። በቁርአን ቤት ልጁ ሎሁን ይዞ ሲቀራ መድን፣ ማለት የድምፅ ማስረዘሙን፣ በሐረካ ይቆጥራል፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ሸዳ ያለበትን ፊደል ካላጠበቀ ይመለሳል። በንባብ ቤት ከግዕዝ ንባብ ወደ ውርድ፣ ከውርድ ወደ ቁም ንባብ የሚሻገር ተማሪ የሚጠብቀውን ካላላ፣ ተነሹን ከጣለ፣ የኔታ መጽሐፉን ሳያዩ ያርሙታል። ይህ በጆሮ ብቻ ቆይታን የመመዘን ሙያ ነው፤ ለፍተሻው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። የጭሮ መምህራን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከአንደኛው ቤት አልፈዋል። የሊንግን ወረቀት ሲቀበሉ ይህን ሙያ ከክፍሉ ውጭ ለምን እንደሚያስቀምጡት አይገባኝም።

የማቀርበው ማሻሻያ ሁለት ነገር ነው፦ ከስድስቱ ቀጥሎ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከዚያ እንደ «በዳ» በጥብቀት ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጥንድ ቃላት፤ ልጁ ከጥንዱ የሰማውን ካርድ ላይ ከተሣለው ያሳያል። ረጅሙ ድምፅ እንዲህ ይሠራል። መምህሯ «ኣ» ብላ እስከ አምስት ሰከንድ ትይዛለች፤ ልጁ እስከ ሰማ ድረስ እጁን አንሥቶ ይቆያል። በግራ እጇ ኬብሉን ከፕሮሰሰሩ የሚወጣበትን ጫፍ፣ ቀጥሎ ወደ ማግኔቱ የሚገባበትን ጫፍ በቀስታ ታጣጥፋለች። የልጁ እጅ ዝቅ ብሎ እንደገና ከተነሣ ሕመሙ የት እንዳለ ታወቀ። መለዋወጫ ኬብል ታስገባለች፤ ያን ጊዜ ሌላ ምንም አትነካም፣ ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅምና።

ከድምፅ ፍተሻው በፊት መታየት ያለባቸው ቀላል ነገሮች ናቸው፤ ላስረዝማቸው አልፈልግም። ባትሪ ይቀድማል። ዚንክ ኤር የሚባለው ዓይነት አየር እየሳበ የሚሠራ ስለሆነ ተለጣፊው ከተነሣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አየር ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይገባል፤ አንዴ የተነሣ ተለጣፊ ተመልሶ ቢለጠፍ ባትሪውን አያድነውም። በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ መብራት የጠፋበትን ሌሊት ማስታወስ ነው። ቀጥሎ ፕሮግራሙና የድምፅ መጠኑ፤ በሁለቱም ጆሮ ያለው ልጅ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኙ እንዳልተለዋወጠ። አንድ ነገር ግን በውጭ መመሪያዎች ጠርዝ ላይ ብቻ ስለሚገኝ ላንሣው፦ ሻሽና ሂጃብ። ማይክሮፎኑ ከጨርቅ ሥር ሲገባ «ስ» ይታፈናል፣ ጨርቁ ሲታሽ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ጫጫታ ያሰማል፤ ጠበቅ ብሎ የታሰረውም ማግኔቱን ከቦታው ይገፋዋል። ልጅቷ ፍተሻውን መውሰድ ያለባት እንደምትውለው ተሸፋፍና ነው። ገልጠው የሚፈትሹ መምህራን የፈተሹት ሌላ መሣሪያ ነው። ማግኔቱ ያረፈበት ቆዳ ከቀላ ወይም ካበጠ፣ ልጁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ድምፅ ከጠፋበት፣ ትኩሳት ከራስ ምታት ጋር ከመጣ ግን ጉዳዩ የኬብል አይደለም፤ ያንኑ ቀን ወላጅና ሐኪም ይጠራሉ።

የሚነሡ ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፦ ጥብቀትን መለየት የቋንቋ ችሎታ እንጂ የመሣሪያ ጤና አይደለም። እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ልጁ ከራሱ ትናንት ጋር ብቻ የሚነጻጸረው። ትናንት ለይቶ ዛሬ ያልለየ ልጅ በአንድ ሌሊት ቋንቋ አልረሳም። ሁለተኛው፦ ኢምፕላንት የድምፅን ቆይታ ከቅላጼው በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ጥንዶቹ ቀላል ናቸው፣ አይፈትኑም። ይህ ተቃውሞ ለእኔ ይመሰክራል። ደኅና መሣሪያ በቀላሉ የሚያሳልፈው ነገር ሲጠፋ መሣሪያው ደኅና አለመሆኑ ይታወቃል። እርግጥ የቀረበው በጥናት ተመዝኖ ያልተረጋገጠ ሐሳብ ነው፤ በየክፍሉ ተሞክሮ መታየት አለበት።

የጥንዶቹ ምርጫ ለመምህሩ ይተው። ለሚኤሶ የቆላ ልጅ ደጋው በአድማስ ላይ የሚታይ የጨርጨር ተራራ ነው፤ ለጭሮ ልጅ የቆመበት ዳገት ነው። ሁለቱም ካርድ ላይ የተሣለውን ተራራ ማሳየት ይችላሉ። «ክፉ»ን መሣል ያስቸግራል፤ ጅብ ቢሣል ማንም አይሳሳትም።