ዋጋው ካለቀ በኋላ

በጀርመን አገር ምራቂ ለረጅም ዘመን በሕግ የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣ ደንብ ነጋዴ ከሸጠው ዕቃ ጋር ሌላ ነገር በነፃ እንዳይጨምር ከለከለ፤ የተፈቀደው እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ያለው ነገር ብቻ ነበር። በዓመቱ የወጣው የቅናሽ ሕግ ደግሞ በእጁ ቆጥሮ ለሚከፍል ገዢ ከመቶ 3 በላይ እንዳይቀነስለት ገደበ። ሁለቱም የተሻሩት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2001 ነው። መርሴዲስና ቮልስ በሚሠራበት አገር ገዢው አዲስ መኪና ለመውሰድ ሲቀርብ ሕጉ እንደሚለው ከሆነ ከዚያ በላይ የሚከራከርበት ነገር አልነበረውም ማለት ነው።

በምዕራብ ጎጃም ግን ያለ ምራቂ የተዘጋ ሽያጭ እንደ ጎዶሎ ይቆጠራል። የሽንዲ ገበያ በበቆሎና በበርበሬ የታወቀው የወንበርማ ወረዳ ገበያ ነው። እዚያ በርበሬ የሚሰፍር ሰው ሚዛኑ ከሞላ በኋላ አንድ እፍኝ ሳይጨምር ቢቀር ገዢው እጁን አይሰበስብም፤ «መርቅልኝ እንጂ!» ብሎ ጆንያውን ከፍቶ ይጠብቃል። ፈረሱላው 17 ኪሎ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ያቺ እፍኝ ግን ከፈረሱላው ውጭ ናት፤ የምትሰጠው ለሰውየው ነው።

የዚህ አገር የንግድ ታሪክ ሲታይ ገዢና ሻጭ አጥብቀው የተከራከሩት በዋጋው ላይ ብቻ አልነበረም። ዋጋው ካለቀ በኋላ ሁለተኛ ክርክር ይከፈታል፦ ከዕቃው ጋር ምን አብሮ ይሄዳል? ነገሩ ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ነጋዴውና ገዢው እውነተኛ ችሎታቸውን የሚያሳዩት እዚህ ላይ ነበር። ይህንንም ከሁሉ አጉልታ የምታሳየው የድሮው ዘመን መኪና፣ በቅሎ ናት።

በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ውድ ነበረች። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው፤ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ባለጸጋው ገደል ለገደል ረጅም መንገድ የሚሄዱት በበቅሎ ነው፤ ፈረሱ ከኋላ እየተሳበ ይከተላል። ከቡሬ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የአገው ምድር በፈረስ እርባታው እስከ ዛሬ የታወቀ ሲሆን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ባዝራዋ ያለችው በዚያ ከሆነ በቅሎዋም ሩቅ አትሆንም። ከአባይ ሸለቆ ወጥቶ የመጣ ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን፣ ባላባቱ ሰጋሯን የሚፈልገው በዚሁ አካባቢ ገበያዎች ነበር።

በቅሎ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ እዚያ ተጽፏል። ከዚያ ኮርቻው ይወርድና የጀርባ ቁስል መኖር አለመኖሩ ይታያል። ሰኮናዋ ይነካል፤ ደንባራ መሆን አለመሆኗ ጨርቅ በማወዛወዝ ይፈተናል፤ በመጨረሻ ተቀምጦባት አንድ ዙር ይሞክራታል። ትሰግራለች? ወይስ ጋላቢዋን ታንገጫግጫለች? ዋጋዋን ከሌላው ነገር ሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ነበር። ሰጋር ከሆነች ሻጩ ዋጋ ይሰቅላል፤ ገዢው ደግሞ እንከን ፈልጎ ያወርዳል። ገዢው ተነሥቶ ይሄዳል፣ «ና ተመለስ» ይባላል፣ ደላላው በመሐል ገብቶ የሁለቱንም እጅ ይይዛል።

ዋጋው ሲያልቅስ? «እሺ አያ፣ ልጓሙንስ?» ይጀመራል። ኮርቻው፣ እርካቡ፣ ግላሱ፣ ሌላው ቢቀር የምትሳብበት ገመድ አንድ በአንድ ይነሣል። ብልህ ሻጭ አሮጌውን ኮርቻ ለዚህ ሰዓት ብሎ ያመጣዋል፤ ብልህ ገዢም ስለ ኮርቻው ከዋጋው በፊት አንዲት ቃል አይተነፍስም። አስቀድሞ ካነሣው ዋጋው ውስጥ ይገባበታልና። ይህን ቅደም ተከተል የሚያስተምር ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ገበያ ወርዶ አጠገቡ ቆሞ ይማረው ነበር።

ክፍያውም ራሱን የቻለ ድርድር ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሺህ ብር ያህል የሚከፍል ሰው 28 ኪሎ ብር ይዞ ገበያ ይወጣል ማለት ነው። ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጠለ፤ ገበያተኛውም በዘውዷና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ፣ ቢደበዝዙ አልቀበልም ይል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ያስመቱት ብር እንኳ ይህን ልማድ በቶሎ አላናወጠውም።

ለትንሹ ግብይት አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ እየተጫነ ሲመጣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። በትግራይ ብዙ አሞሌ የሚመነዘርበት አንድ ብር ጎጃም ሲደርስ የሚያስገኘው ጥቂት ነው፤ አባይን ሲሻገር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጫፉ የተሰበረ ወይም ዝናብ የነካው አሞሌ በሙሉ ዋጋው አይወሰድም። ስለዚህ ገዢው በዕቃው እንከን ሲከራከር ሻጩ በገንዘቡ እንከን ይመልስለታል። በክረምት ደግሞ ጨው በሚቀልጥበት ወቅት ሻጩ ብርታት ያገኛል።

የዚህ ሁሉ ንግድ ታላቁ ማዕከል ባሶ ነበር፤ በምሥራቁ ጎጃም የጁቤ አጠገብ፣ ከአባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ። እ.ኤ.አ. ከ1840 እስከ 1843 በኢትዮጵያ የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የጁቤ ተቀምጦ ይህን ገበያ አጥንቶ ጽፏል። ከአባይ ማዶ ወርቅ፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌና ጨርቅ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ከአባይ ማዶ ታፍነው የመጡ ልጆችና ሴቶች በዚያው ገበያ እንደ በቅሎው ጥርሳቸው እየታየ ዋጋ ወጥቶላቸዋል። የድርድርን ብልሃት የሚያወድስ ሁሉ ይህን አብሮ መናገር ይገባዋል፤ ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነውና።

ባሶን ያደከመው የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከአባይ ማዶ እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ድል ሆነው ተማረኩ፤ ያ ቀን የደቡብ ምዕራቡን ወርቅና ቡና ከጎጃም እጅ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያ ንግድ ወደ ሸዋ፣ ኋላም ወደ ባቡሩ አቅጣጫ ዞረ። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ የጎጃምን ንግድና ፖለቲካ ሲያጠኑ ከዚያው ከእምባቦ ዓመት መነሣታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቡሬ ግን ወደ ወለጋ የሚወርደው መንገድ መነሻ በመሆኗ ነጋዴ አልተለያትም፤ ዛሬም ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚሄደው መኪና የሚከተለው የእነዚያን አጋሰሶች አቅጣጫ ነው።

አሁን ወደ ዋሱ። በቅሎ የተሰረቀች ብትሆንስ? ሻጩ በገበያው የሚታወቅ ሰው ዋስ ጠርቶ «ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ፣ እኔ አለሁ» ያስብላል። ገዢው ከኮርቻውም ከልጓሙም ይልቅ ይህን ማግኘት ነበረበት፤ ዋስ የሌላት በቅሎ በርካሽ ብትገኝ እንኳ ለክስ የሚያበቃ ግዢ ናት። ቀብድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ገንዘቡ ያልሞላለት ሰው ጥቂት ብር ሰጥቶ በቅሎዋን ያስይዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለቀብድ ቦታ ሰጥቶታል፤ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ባለው ውስጥ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሽያጩን በሚመለከተው ክፍል ደግሞ ሻጩ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ መሆኑን ደንግጓል። ከገበያ ቃል ኪዳን ወደ ወረቀት የተሻገረ ነገር ካለ ይህ አንዱ ነው።

ዋጋ የተለጠፈበት ሱቅ በሌላውም ዓለም ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች በ17ኛው መቶ ዘመን አንድ ዋጋ ተናግሮ በዚያው መሸጥን የሃይማኖት ጉዳይ አደረጉት፤ ዋጋ አስወድዶ ጠርቶ ኋላ መቀነስ ለእነርሱ ውሸት ነበር። በፓሪስ ቦን ማርሼ የተባለው ትልቅ መደብር ይህን አሠራር ያስፋፋው ከ1852 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ከዚህ አሠራር በፊት ፓሪስም ለንደንም እንደ ባሶ ይከራከሩ ነበር።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊና ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ ከባሕር ጠረፍ እየነዱና እያስጎተቱ አዲስ አበባ ደርሰው መኪኖቻቸውን ለምኒልክ አሳዩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ የበቅሎ አገር ገዢ የፓሪስና የለንደን ጎዳናዎችን በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ምዕራብ ጎጃም ግን ሰፊ የመኪና መንገድ ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ቡሬ ነፃ ስትወጣም ከሱዳን ዘምቶ የመጣው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር የሚጓጓዘው በግመል ነበር፤ ግመሎቹ በደጋው አብዛኞቹ አልቀዋል። ይህን ዳገት የሚያውቀው በቅሎ ብቻ ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ሲወጣ ጠገራው ከገበያ እየተሰበሰበ ሄደ፤ የነጠብጣብ ቆጠራውም አብሮት ቀረ።

ምራቂው ግን መኪናውን ተከተለ። አዲስ አበባ መኪና የሚገዛ ሰው ዋጋው ካለቀ በኋላ ስኮርታው ጤነኛ መሆኑን፣ ክሪኩ መኖሩን፣ ምንጣፉ አዲስ ይነጠፍ እንደሆነ ይጠይቃል። የስም ማዛወሪያውን ማን ይከፍላል? ቦሎው ታድሷል? ሊብሬው ዕዳ የለበትም? ሰጋሯን ተቀምጦ እንደሚሞክር ሰው መካኒክ ይዞ ይመጣል። ዋሱ ዛሬ ሊብሬው ነው፤ ግን ብዙ ሰው አሁንም የሚያውቀው ሰው በመሐል ካልቆመ ገንዘብ አያወጣም።

ባሕር ማዶ ያለው ኢትዮጵያዊ የሚገጥመው ገበያ ከዚህ የተለየ ይመስለዋል፤ መስታወቱ ላይ ዋጋ ተለጥፏልና። በአሜሪካ ይህ ወረቀት ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1958 የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ባወጡት ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት ሻጩ የፈለገውን ዋጋ ይጠራ ነበር። ወረቀቱ ግን ፋብሪካው የሚመክረውን ዋጋ እንጂ የመጨረሻውን አይናገርም፤ ክርክሩም ከእርሱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጄኔራል ሞተርስ ሳተርን የተባለውን መኪና ሲያወጣ «ዋጋው አንድ ነው፣ ክርክር የለም» ብሎ ብዙ ገዢ ስቦ ነበር፤ ሳተርን በኋላ ተዘጋ፣ ክርክሩ ግን አለ።

እዚያ ሻጩ ምራቂውን በተቃራኒው ይዞታል። ገዢው በዋጋው ተስማምቶ እፎይ ሲል ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱትና የዋስትና ማራዘሚያ፣ የቀለም መከላከያ፣ የብድር ወለድ ይደረድሩለታል፤ ለገዢው ሊመረቅ የሚገባው ነገር ሁሉ ለሻጩ ትርፍ ይሆናል። «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዓመቱን በማርዘም ማንኛውንም ዋጋ ትንሽ ማስመሰል ይቻላልና። ወርሃዊ ክፍያውን ትቶ የመጨረሻውን ጠቅላላ ዋጋ በጽሑፍ የሚጠይቅ፣ ብድሩን አስቀድሞ ከባንክ አስጨርሶ የሚሄድ፣ ምንጣፉንና የመጀመሪያውን ሰርቪስ ግን ዋጋው ካለቀ በኋላ የሚያነሣ ሰው ያንን የጎጃም ቅደም ተከተል ጠብቋል። ብዙ ሻጮች በየወሩ የሚደርሱበት ቁጥር ስላላቸው የወሩ መጨረሻ ቀናት ለገዢ ይመቻሉ፤ ክረምት ለአሞሌ ባለቤት እንደማይመቸው ሁሉ።

አገር ቤት ደግሞ ገበያው በሌላ በኩል ተለውጧል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪናን በከባድ ቀረጥ አራቀው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ተገጣጥሞ በሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ከመቶ 15 የጉምሩክ ቀረጥ ሲጣል በሙሉ ተፈታትቶ የሚመጣው ከዚህ ነፃ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ አሁን ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ወርዶ አዲስ አበባ መኪና የሚያይ ገበሬም ሆነ ነጋዴ ዋጋው ሲያልቅ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የቤት ቻርጀሩ አብሮ ይመጣል? የሚተክለው ማን ነው? የባትሪው ዋስትና ለስንት ዓመት ነው፣ ቢበላሽስ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚያየው ሰው አለ?