ብረት የሚያጥፍ እጅና መጠበቂያው

በአገራችን ጉልበት ያለው ሰው ይከበራል። በገና ጨዋታ ሩሩን አርቆ የመታ፣ በትግል ባልንጀራውን የጣለ፣ ከባድ ድንጋይ ከደረቱ ያደረሰ ወጣት ስሙ በመንደሩ ይነሣል። በተማሪዎችም ዘንድ ይህን የመሰለ ፉክክር አይጠፋም፤ ከነዚህም አንዱ ምስማር በሁለት እጅ ይዞ ማጠፍ ነው። ከአናጢ የተረፈ ረጅም ምስማር የተገኘ እንደ ሆነ «ማን ያጥፈዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ቀጥሎም «በባዶ እጅ ካልሆነ አይቆጠርም» የሚል ፍርድ ይሰማል። እጁን በጨርቅ የጠቀለለው ልጅ እንደ ፈሪ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ከታሪክም ከሳይንስም ጋር የማይስማማ መሆኑን ማስረዳት ነው። ከብረት ጋር የታገሉ ሰዎች፣ በአገራችንም ሆነ በውጭ አገር፣ እጃቸውን የሚጠብቁበትን መንገድ ከጉልበታቸው ጋር አብረው ሲያዳብሩ ኖረዋል። ነገሩም የጨዋታ ብቻ አይደለም። አንባቢ እንደሚያውቀው በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ የብዙዎቻችን ወላጆች ገበሬዎች ናቸው፤ መዳፉ የተወጋ ልጅ እርፍ መጨበጥም ብዕር መያዝም ያቅተዋል።

በመጀመሪያ ወደ ራሳችን ባለሙያ እንመልከት። አማርኛ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ከሌሎች ስሞቹ ጋር «ባለ እጅ» ይለዋል። እጅ የሌለው ሰው የለም፤ ነገር ግን ቋንቋው እጅን ከሁሉ ለይቶ ለዚህ ባለሙያ ሰጥቶታል። በቦረና፣ በሳይንትና በወግዲ የሚያርስ ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ምሳሩን ሲያሠራ የኖረው ከባለ እጁ ዘንድ ነው። ባለ እጁም ብረቱን እንዴት እንደሚያጥፈው እናስተውል። ከሰሉን በወናፍ እያነደደ ብረቱን ያግላል፤ የጋለውን ብረት በጉጠት ይይዛል፤ በመስፍ ላይ አኑሮ በመዶሻ ይመታዋል። መዶሻውም የእንጨት እጀታ አለው። ዕድሜውን በሙሉ ከብረት ጋር የኖረው ይህ ሰው እሳትና እጁን የሚያገናኝበት አንድም ጊዜ የለም። ስለዚህም ፈሪ ያለው ሰው የለም። ጉጠቱ ከእጁ የሚያንስ መሣሪያ ሳይሆን እጁን ለነገ የሚያቆይለት ዘመዱ ነው።

ከብረት ጋር የተደረገው ትልቁ የጉልበት ሥራም የተፈጸመው ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን የእጅ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው ሲሆን ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። በ1860 ዓ. ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መቅደላ ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በተንታ በኩል የሚገኝ አምባ ነው። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። የጂዳና የበሽሎ ገደሎች መንገድ አልነበራቸውምና መንገዱ ራሱ እየተቆረጠ መሠራት ነበረበት፤ በዚያ ዘመን አብረው የነበሩ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ለሠራዊቱ ምሳሌ ይሆኑ ነበር። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ይህን መንገድ አድንቆታል።

ይህን ታሪክ ስናነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ጉልበቱን ነው። ነገር ግን አንድ ሰው፣ ሶምሶንም ቢሆን፣ 70 ኩንታል አይጎትትም። መድፉን ከሠረገላ ላይ አኑረው፣ ገመድ አስረው፣ ጭነቱን በመቶ ለሚቆጠሩ ሰዎች አከፋፈሉት። በአንድ ሰው ላይ ቢወድቅ የሚገድለው ክብደት ለብዙ እጅ በተካፈለ ጊዜ ተራራ ወጣ። መድፉም ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አንባቢ ይህን «ማካፈል» የሚለውን ቃል ልብ እንዲል እለምናለሁ፤ ምስማር በሚያጥፍ ሰው መዳፍ ውስጥም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነውና።

አሁን ብረትን በእጅ ማጠፍ ለትርኢት ወደ ተደረገበት ወደ አውሮፓ እንሻገር። የሳክሶኒ መስፍንና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ አውግስጦስ በጉልበቱ ምክንያት «ኃያሉ» ተብሎ ይጠራ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1711 ለፈረስ ኮቴ የሚመታውን ብረት በእጁ እንደ ሰበረ ይነገራል፤ የተሰበረውም ብረት በድሬስደን ከተማ የጦር መሣሪያ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። የዚሁ ንጉሥ ልጅ የነበረውና በፈረንሳይ የጦር ማርሻል የሆነው ሞሪስ ደ ሳክስ አንድ ቀን የጠርሙስ መክፈቻ ቢያጣ ረጅም ምስማር በጣቶቹ ጠምዝዞ መክፈቻ አደረገው የሚል ወሬ ተርፎለታል። በእንግሊዝ አገርም በ18ኛው መቶ ዓመት ቶማስ ቶፓም የሚባል ሰው የምድጃ ብረት እያጠፈ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር።

በዚያው ዘመን የሳይንስ ሊቅ የነበረው ዴዛጉሊየ እነዚህን ኃያላን ቀርቦ ተመለከተ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሚያሳዩት ትርኢት ከተአምር ሳይሆን ከአጥንት አቀማመጥና ከመወጠኛ ሕግ የመጣ መሆኑን በሥዕል ጭምር አስረዳ። እንደ ቶፓም ያሉት ደግሞ በእውነት ከሌላው ሰው የበለጠ ብርታት እንደ ነበራቸው መሰከረ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ ጉልበትና ብልሃት ጠላቶች አይደሉም፤ የእውነተኛው ኃያል ሥራም ቢመረመር አያፍርም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ምስማር ማጠፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። እ. ኤ. አ. በ1888 በቪልና የተወለደው አሌክሳንደር ዛስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ በኦስትሪያውያን እጅ ተማረከ። በእስር ቤት ሳለ ሰንሰለቱንና የመስኮቱን ብረት ባለ በሌለ ኃይሉ እየሳበ ሰውነቱን አሠለጠነ። በኋላም በእንግሊዝ አገር ብረት እያጠፈና ሰንሰለት እየበጠሰ ስሙ የገነነ ሲሆን እ. ኤ. አ. በ1962 ዐረፈ። ዛስ ያስተምር የነበረው ብርታት ከጡንቻ ውፍረት ይልቅ ከጅማት ጥንካሬ የሚመጣ መሆኑን ነው። ሌላው በፖላንድ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደው ጆ ግሪንስታይን (1893–1977 እ. ኤ. አ.) ነው። ቁመቱ አጭር ነበርና «ኃያሉ አቶም» የሚል ስም ወጣለት፤ እንደ ሶምሶንም ጠጉሩን አሳድጎ ምስማርና ብረት በማጠፍ እስከ እርጅናው ድረስ ኖረ።

በአሜሪካ አይረንማይንድ የሚባል ድርጅት «ቀዩ ምስማር» የሚል ስም ያለው የብረት ዘንግ ለፈተና አዘጋጅቷል። ርዝመቱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያጠፈው ሰው ስሙ በመዝገብ ይጻፍለታል። እዚህ ላይ ተማሪዎች በጣም ልብ ሊሉት የሚገባው፣ በዚህ የታወቀ ፈተና እጅን በመጠቅለያ መጠበቅ የተፈቀደ መሆኑ ነው፤ የመጠቅለያውም ዓይነት በደንብ ተወስኗል። የዓለም ብርቱዎች የተቀበሉትን ነገር እኛ እንደ ፍርሃት ብንቆጥረው አለማወቃችንን እንገልጣለን።

መጠቅለያው ምን ይጠቅማል? ምስማር የሚያጥፍ ሰው ኃይሉን ሁሉ የሚያሳርፈው በምስማሩ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። አንዱ መዳፍ 30 ኪሎ በሚያህል ኃይል ቢገፋና የሚነካው የብረቱ ጫፍ ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሥጋ ላይ 60 ኪሎ ያርፋል። ወፍራም ቆዳ ወይም ሸራ ተጠቅልሎ ያንኑ ኃይል በ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያካፍለው ግን 3 ኪሎ ብቻ ይሆናል። የሰውየው ጉልበት አልተጨመረም፤ የምስማሩም ጥንካሬ አልተቀነሰም፤ በሥጋው ላይ የሚያርፈው ግፊት ግን ወደ 20ኛ እጅ ወረደ። በመቅደላ መንገድ በብዙ ሰው ላይ የተደረገው ማካፈል ይህ ነው።

ከዚህም ሌላ የምስማሩን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩ ሁለት ምስማሮች ቢኖሩና የአንዱ ውፍረት የሌላው እጥፍ ቢሆን፣ እርሱን ለማጠፍ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ሳይሆን 8 እጥፍ ነው። ደግሞም አጭር ምስማር ከረጅሙ ይከብዳል፤ ብረቱ ሲያጥር የመወጠኛው ርዝመት ያንሳልና። ስለዚህ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩን ያጠፈ ልጅ ወዲያው ወደ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ቢዘል የሚሰበረው ብረቱ ሳይሆን የእጁ አንጓ ነው።

በዚህ ሙያ የቆዩት ሰዎች የሚጠብቁት ሥርዓት ባጭሩ የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሁለት እኩል የሆኑ ወፍራም የሸራ ወይም የለስላሳ ቆዳ ቁራጮች ያዘጋጃሉ፤ ስስ ጨርቅ በብረቱ ጫፍ ይበሳል፤ የሚያዳልጥ ጨርቅም ከእጅ ያመልጣል። ሁለቱን ጫፎች ለየብቻ አጥብቀው ይጠቀልላሉ፤ የምስማሩ ራስና ሹሉ በመጠቅለያው ውስጥ ተሸፍነው መካከሉ ባዶ ይቀራል። እጃቸውን ከላብ ያደርቃሉ። ምስማሩን ከፊታቸው ሳይሆን ከደረታቸው ትይዩ ይይዛሉ። ለድንጋይና ለሲሚንቶ የተሠራውን ምስማር አይነኩም፤ እርሱ እጅግ ስለ ጠነከረ ሳይታጠፍ ተሰብሮ ይፈናጠራልና ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ከታጠፈም በኋላ መካከሉን ወዲያው አይጨብጡም፤ ብረት በኃይል ሲታጠፍ ይሞቃል። ጡንቻ ቶሎ ይበረታል፣ ጅማት ግን ዘግይቶ ነውና በየቀኑ አይሞክሩም፤ ጣት ሲደነዝዝ ወይም አንጓ ሲያም ያቆማሉ።

ቆዳ ቢበሳም ነገሩን መናቅ አይገባም። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሐዋስ የሚኖረው በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ነው፤ ከወደቀበት መሬት የተነሣ ምስማር ይህን ወደ ሥጋ ሊያስገባ ይችላል። ቁስሉን በውሃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና የክትባትን ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። በልጆቻቸው እጅ ላይ የተወጋ ነገር ያዩ ወላጆችም «ትንሽ ነው» ብለው እንዳይተዉት አደራ እላለሁ።

በመጨረሻም ወደ ባለ እጁ ልመለስ። በአገራችን ለብዙ ዘመን ጉልበተኛው ሲወደስ ብረት የሚሠራው ባለሙያ ይናቅ ነበር፤ «ቡዳ» እየተባለም ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ሰውን የሚያዋርድ አስተሳሰብ ግን በአዋጅ ብቻ አይጠፋም። ጉጠት የያዘውን ሰው የናቀ ልማድና ጨርቅ የጠቀለለውን ልጅ ፈሪ የሚል ልማድ ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ይመስለኛል፤ ይኸውም ዕውቀትን ከጉልበት በታች ማድረግ ነው።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ ጉልበታችሁን መፈተን ነውር አይደለም፤ ወጣትነት ያለ ፉክክር አይሆንም። ነገር ግን ጓደኛችሁ እጁን ሲጠቀልል ባያችሁ ጊዜ አትሳቁበት፤ ይልቁንም ጨርቁ ወፍራም መሆኑን አይታችሁ አጥብቁለት። ምስማሩ ቢታጠፍ የአንድ ቀን ወሬ ነው፤ እጁ ግን ገና ብዙ የሚጽፈው፣ የሚያርሰውና የሚሠራው አለው።