ሁለቱ «ሜጋ»ዎች

ደሴ ፒያሳ ላይ በስልኩ ጥቅል ሞልቶ «500 ሜጋ ገዛሁ» የሚል ወጣትና ኮምቦልቻ «ለሱቄ 10 ሜጋ አስገባሁ» የሚል ነጋዴ ስለ አንድ ነገር የሚያወሩ ይመስላል። አይደለም። የወጣቱ ሜጋባይት ነው፤ ተጠቅሞ የሚጨርሰው መጠን። የነጋዴው ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ የመስመሩ ፍጥነት። «ሜጋ» ብቻውን ሚሊዮን ከማለት አያልፍም፤ ቁም ነገሩ ያለው እኛ ቆርጠን በጣልነው ጅራት ላይ ነው። «ባይት» የሚለውን ቃል በ1956 እ.ኤ.አ. የፈጠረው የአይቢኤም ባልደረባ ቨርነር ቡክሆልዝ ከ«ቢት» ጋር እንዳይምታታ ሆን ብሎ አጻጻፉን ለውጦት ነበር። ልፋቱን መና አስቀረነው!

አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ የፍጥነቱን ቁጥር ለ8 ማካፈል ነው፤ 10 ሜጋቢት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል። 600 ሜጋባይት ፊልም በአንድ ደቂቃ እጁ የሚገባ የመሰለው ነጋዴ 8 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ያውም መስመሩን የሚሻማው ከሌለ። ኮምፒውተሩ «በሰከንድ 1.2 ሜጋባይት» ካለው ተጭበረበርኩ ብሎ ለአቤቱታ ከመነሳቱ በፊት በ8 ያባዛው፦ 9.6 ሜጋቢት። መስመሩ ደህና ነው።