በአንዲት ጨረቃ ሥር

የሁለት ሰዎች ቅብብል ዘፈን ሲባል ፊት ለፊት ቆመው ዓይን ለዓይን የሚተያዩ አፍቃሪዎች ይታወሱናል። እ.ኤ.አ. በ1986 ለሕዝብ በቀረበው «አን አሜሪካን ቴይል» በተሰኘ የካርቱን ፊልም የተሰማው «ሰምዌር አውት ዜር» ግን ከዚህ ልማድ የወጣ ነው። የሚቀባበሉት ወንድምና እኅት አይተያዩም፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ እንኳ አይሰማም። የዘፈኑ ዕድሜ መርዘም ምስጢርም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዶን ብሉዝ ዳይሬክት ያደረገው ይህ ፊልም በ1885 ከሩስያ ወደ ኒውዮርክ የሚሰደድ የአይሁድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ አይጦች ናቸው። ትንሹ ፋይቨል ስሙን የወረሰው ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ከነበረው ከስቲቨን ስፒልበርግ የእናት አባት ነው። ከተረቱ ጀርባ እውነተኛ ስደት አለ። ዳግማዊ ቄሣር አሌክሳንደር በ1881 ከተገደለ በኋላ በሩስያ አይሁድ ላይ ጥቃት ተነሣ፤ እስከ 1914 ድረስ ሁለት ሚሊዮን ያህል አይሁድ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አሜሪካ ፈለሱ። ብዙ ጊዜ አባት ቀድሞ ይሄዳል፤ ሚስትና ልጆች የመርከብ መሳፈሪያ እስኪላክላቸው ይጠብቃሉ።

ፋይቨልን ማዕበል ከመርከብ ጠርጎ ይወስደዋል። ወላጆቹ ሞቷል ብለው ያለቅሳሉ፤ እኅቱ ታንያ ብቻ «በሕይወት አለ» ትላለች። በሚዘፍኑባት ሌሊት ሁለቱም በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ግን አያውቁም። የጋራቸው የሆነች ጨረቃ ብቻ ናት። ዘፈኑም «እንገናኛለን» ብሎ አይምልም፤ መገናኘቱን በ«ከሆነ» አስሮ ይመኛል። የሕፃናቱ ያልተሞረደ ድምፅ ለዚህ ምኞት ይስማማዋል።

የባንክ መስኮት ላይ የሚውል ሰው ይህን ናፍቆት ያውቀዋል። ከጅዳ፣ ከቤይሩት ወይም ከዋሺንግተን የተላከላቸውን ሊቀበሉ የሚመጡ እናቶች፣ ብሩን ከመቁጠራቸው በፊት «እስቲ የላከውን ስም አንብብልኝ» ይላሉ። ስሙን ያውቁታል፤ ሲጠራ መስማት ግን ይሻሉ።

ጄምስ ሆርነር፣ ባሪ ማንና ሲንቲያ ዋይል የደረሱትን ይህን ዘፈን ሊንዳ ሮንስታድትና ጄምስ ኢንግራም ለአዋቂ ጆሮ ደግመው ተጫወቱት፤ በ1987 በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በ1988 የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተብሎ ግራሚ ተሸለመ። ኦስካሩ ግን አመለጠው። ዳሩ ግን ሽልማት ዘፈንን አያኖርም። ኢንግራም በ2019 ዐረፈ፤ ሮንስታድት በሕመም ሳቢያ መዝፈን እንደማትችል በ2013 ተናገረች። ዘፈኑ ግን ዛሬም ይሰማል፤ ምክንያቱም የሩቅ ሰው ያለው ሁሉ የታንያን ቦታ ያውቃታል። ወላጆቿ ላለቀሱለት ልጅ እሷ ዘፈነችለት።