የአንድ ቀን ልዩነት

አሜሪካ ውስጥ ከሱቅ አንድ ጃኬት ሳይከፍል ይዞ ሲወጣ የተያዘ ባለ ግሪን ካርድ ዳኛ ፊት ቆሟል እንበል። ከዚህ በፊት ክስ አያውቅም። ጠበቃው ጠጋ ብሎ «ጥፋተኛ ነኝ በልና እንገላገል፤ እስር ቤት አትገባም» ይለዋል። ዳኛው 12 ወር እስራት ይፈርዱና ሁሉንም በገደብ ያደርጉለታል። ነገሩ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አልፈጀም። ሰውዬው የፍርድ ቤቱን ወጪ ከፍሎ፣ «ተመስገን» ብሎ የከሰዓቱን ሥራ ለመድረስ ይሮጣል። አንዲት ሌሊት እስር ቤት አላደረም። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዓይን ግን ከችሎቱ የወጣው «ከባድ ወንጀለኛ» ሆኖ ነው፤ ግሪን ካርዱን ተነጥቆ ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። ቅጣቱ 364 ቀን ቢሆን ኖሮ ይህ ስም አይለጠፍበትም ነበር።

ይህ ጉድ ባንድ ጀምበር የተሠራ አይደለም። በ1875 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) የወጣው የፔጅ አዋጅ በአገሩ ተፈርዶበት ቅጣቱን ያልጨረሰ ወንጀለኛ አሜሪካ እንዳይገባ ከለከለ። ወንጀሉ የፖለቲካ ከሆነ ግን ክልከላው አይመለከተውም። የፖለቲካ ወንጀልን የሚለየው ይህ ሐሳብ ዛሬም ሕጉ ውስጥ አለ።

በ1891 ደግሞ «ሞራል ተርፒቱድ» የሚባል ሐረግ ገባ፤ ነውረኛ፣ የሕሊና ብልሹነትን የሚያሳይ ወንጀል እንደማለት ነው። ኮንግረስ ምን ማለት እንደሆነ አልጻፈም፤ እስካሁንም አልጻፈም። ስርቆትና ማጭበርበር ውስጡ ናቸው፤ ጠጥቶ ማሽከርከር ብቻውን በአብዛኛው አይደለም። በ1951 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ አብዛኞቹ ዳኞች ሐረጉ በቂ ግልጽነት አለው አሉ። ኑረምበርግ ላይ የናዚ መሪዎችን የከሰሰው ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ግን ሰውን ከኖረበት አገር ለማባረር እንዲህ ያለ ጭጋግ የመሰለ ቃል አይበቃም ብሎ በሐሳብ ተለየ። እኔ ከጃክሰን ጋር ነኝ።

እስከ 1917 ድረስ አንዴ በሩን ያለፈ ሰው በኋላ ወንጀል ቢሠራ ይታሰራል እንጂ በአብዛኛው ከአገር አይባረርም ነበር። የ1917ቱ አዋጅ ይህን ለወጠው፤ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ ነውረኛ ወንጀል ሠርቶ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተፈረደበት ይባረር አለ። ነገር ግን አንድ መላ አብሮ አስቀመጠ። ወንጀሉን ያየው ዳኛ ቅጣቱን ሲወስን፣ ወይም በ30 ቀን ውስጥ፣ «ይህ ሰው አይባረር» ብሎ ከጻፈ ነገሩ አለቀ፤ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ሊሽረው አይችልም። የተከሳሹን ሚስት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያየ፣ የአሠሪውን ምስክርነት የሰማ፣ ተከሳሹ ሲጸጸት ያስተዋለ ዳኛ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነበር። ይህ 73 ዓመት ሠርቷል።

የቀረው በ1990 በወጣ አዋጅ ነው። የሚያስገርመኝም እዚህ ላይ ነው፤ ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ያ አዋጅ ለእኛ ሰው የዲቪን በር የከፈተውም ነው። በየኢንተርኔት ቤቱ ተሰልፈን፣ ነጭ ግድግዳ ተደግፈን ፎቶ ተነስተን የሞላነው ዕጣና የዳኛው ምሕረት መሻር ከአንድ ሕግ የወጡ ናቸው። ዕጣ የወጣለት ሰው አሻራ ሰጥቶ፣ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ወረቀት አውጥቶ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ከገባ በኋላ ግን የሚያየው ሰው ሳይሆን ቁጥር እንደሚፈርድበት ማን ይነግረዋል?

ቁጥሩን ያከረረው 1996 ነው። «ከባድ ወንጀል» የሚለው ስም በ1988 ሲፈጠር ግድያን፣ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድንና የጦር መሣሪያ ንግድን ብቻ ይመለከት ነበር። ክሊንተን የፈረሙት ሕግ በመሃል ለተጨመሩት ለስርቆትና ለኃይል ድርጊት መለኪያውን ከ5 ዓመት ወደ 1 ዓመት አወረደው፤ በገደብ የቀረ እስራትም እንደታሰሩት ይቆጠራል አለ፤ ወደ ኋላ ሄዶም የድሮ ፍርዶችን ነካ። «ሪከርዴ እኮ ተሰርዟል» የሚል ሰው አላጣም። ክፍለ ግዛቱ መዝገቡን ስለሰረዘ ብቻ የኢሚግሬሽን ሕግ አይረሳውም፤ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ቦርድ በ1999 ይህንኑ ወስኗል። ማሪዋናም እንዲሁ ነው፤ ዲሲ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ሕግ አልፈቀደም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ታዲያ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ነው። ባለ ግሪን ካርድ ቤቱ እስከተቀመጠ ድረስ ዓመታት ማንም ላይነካው ይችላል። ለለቅሶ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ጣቱን መስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከ2009 ጀምሮ ባለ ግሪን ካርድም አሻራ ይሰጣል። መኮንኑ ስክሪኑን አይቶ «እዚያ ክፍል ግባ» ይለዋል። ከ1996 ወዲህ እንዲህ ያለ ሪከርድ ያለበት ነዋሪ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ገና ለመግባት እንደሚጠይቅ እንግዳ ሊቆጠር ይችላል። አንድ የግሪክ ተወላጅ ወላጆቹን ለአንድ ሳምንት ጠይቆ በ2003 ሲመለስ የያዙት በ1994 ባመነው የሐሰተኛ ሰነድ ጥፋት ነበር። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለሆነ ጥፋት ይህ አይሠራም ብሎ አዳነው። ከዚያ በኋላ ያጠፋ ሰው ግን ይህ መከላከያ የለውም።

ከዚያ ውሳኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2010፣ ያው ፍርድ ቤት ለጠበቆች አንድ ግዴታ ጥሎ ነበር። 40 ዓመት አሜሪካ የኖረ፣ ቬትናም የዘመተ የሆንዱራስ ተወላጅ የጭነት መኪና ሾፌር ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተይዞ፣ ጠበቃው «ይህን ያህል ጊዜ ኖረህ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» ብሎት ጥፋቱን አመነ። ምክሩ ስህተት ነበር። ፍርድ ቤቱም የወንጀል ጠበቃ የመባረርን አደጋ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት አለ።

አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ደግሞ በራሳቸው መንገድ ቁጥሩን ሸሹ። ብዙ ሐበሻ ያለባት ሲያትል የምትገኝበት ዋሽንግተን በ2011፣ ኒውዮርክም በ2019 የቀላል ወንጀልን ከፍተኛ ቅጣት ከ365 ቀን ወደ 364 ቀነሱት። አንዲት ቀን። ሕጉ ባልተለወጠበት ክፍለ ግዛት ያለ ነቃ ያለ ጠበቃም ይህንኑ በድርድር ያገኛል። አገር ቤት ሄዶ መመለስ ለሚፈልግ ደንበኛ ግን 364ም አይበቃውም፤ የመጀመሪያና ብቸኛ ቀላል ጥፋት እንደገና ለመግባት እንዳያግድ የተፈረደው ከ6 ወር መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ጠበቃው ችሎቱ ከመከፈቱ በፊት ዐቃቤ ሕጉን ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ሁሉም በገደብ እንደሆነ አይቀርም፤ 12 ወሩን 6 ወር ብናደርገውስ?» ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ትከሻውን ነቅንቆ ይስማማል፤ ለእሱ ምንም ለውጥ የለውም።